ባዶ ብርጭቆ የሚያሸት ቤት

መርማሪዋ ስትደርስ ሟቹ ገና ከገበታው ራስ ሥር እንደወደቀ ነበር። ፊቱን በናፕኪን ሸፍነውለታል። እሁድ ነው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል። ሥጋው በየሳህኑ ላይ ረግቷል። ከአምስቱ የወይን ብርጭቆዎች አራቱ ሳይነኩ ቆመዋል፤ አምስተኛው ወድቆ፣ የያዘው ቀይ ወይን ከነጩ የገበታ ልብስ ላይ እስከ ወለሉ ወርዷል።

ሳጅኑ አፍንጫውን ያዘ። «ከጓሮ መጋዘን የተወሰደ ፀረ ተባይ ነው። መጋዘኑ ቁልፍ የለውም። ነጭ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት ይላል።»

«ሟቹ ምን ይሠሩ ነበር?»

«ወይን ቀማሽ። የወይን ጠጅ ፋብሪካው ዋና ቀማሽ ሆነው ሠላሳ ሁለት ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ። በርሜል ውስጥ ዝንብ ብትገባ ወንድ ትሁን ሴት ያውቃሉ ይሏቸዋል።»

«ታዲያ እንዲህ የሚሸት ነገር እንዴት ጠጡ?»

ሳጅኑ ማስታወሻ ደብተሩን ገለጠ። ሌላ ነገር ነበረው። ጠርሙሱ ንጹሕ ነው፤ መርዙ ያለው በሟቹ ብርጭቆ ውስጥ ብቻ ነው። ወይኑን የቀዳችው ምራታቸው ናት። ሽማግሌው ከመውደቃቸው በፊት ከገበታው ግርጌ ተነስታ «አባባ፣ ተዉት!» ብላ የጮኸችውም እሷው ናት።

«ከዚያ ርቀት እንዴት አወቀች? የሚያውቀው ያስገባው ሰው ነው» አለ ሳጅኑ። «ልብሷን እንድትሸክፍ ነግሬያታለሁ። ማታ ጣቢያ ታድራለች።»

ባልደረቦቿ መርማሪዋን «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ናት፣ ድምፅ የላትም፣ መግባቷ የሚታወቀውም ከወጋች በኋላ ነው። ወይን ጠጥታ አታውቅም። ስለዚህ መጠየቅ ነበረባት።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የሟቹን ሚስት ነው። ወገቧን አቅንታ ተቀምጣለች፣ እጆቿ ጭኗ ላይ። አላለቀሰችም።

«ሲያገባኝ ወይን አልወድም ነበር» አለች ሳትጠየቅ። «አሥራ አንድ ዓመት እንደ ኪኒን ዋጥኩለት። በአሥራ ሁለተኛው አንድ እሁድ፣ ዝናብ የነካው አፈር ሸተተኝ። ነገርኩት። ተነስቶ ግንባሬን ሳመኝ። እውነተኛ ሚስቱ የሆንኩት ያን ቀን ነው።»

«የእሁዱ ሥርዓታችሁ ምንድን ነው?»

«ጠርሙስ በየተራ እናመጣለን፣ በጨርቅ ጠቅልለን። አስቀድሞ ሁሉም ባዶ ብርጭቆውን ያሸታል፤ የሳሙና ወይም የቁም ሣጥን ሽታ እንዳይኖረው። ከዚያ ይቀዳል። ብርጭቆውን አዟዙሮ፣ አሽትቶ፣ ቀምሶ መጀመሪያ የሚናገረው እሱ ነው። ‹ብቻውን የሚጠጣ ጠጪ ነው። አንድ ጠርሙስ ለአምስት ሲካፈል ግን ሁሉም አንድ ነገር በአፉ ይዞ ዝም ይላል፤ ቤተሰብ ማለት ያ ዝምታ ነው› ይል ነበር።»

«ዛሬም ባዶውን አሸተቱ?»

«አሸተተ። ንጹሕ ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ዳቦ ላመጣ ተነሳሁ። ጩኸቱን ሰምቼ ስመለስ ወድቋል።»

«ብርጭቆዎቹን ማን ደረደረ?»

«እኔ ነኝ፤ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ። ከዚያ ወዲህ በሳሎኑ ያላለፈ የለም።»

«ምራትዎን ይወዷታል?»

ሴትዮዋ ወደ መስኮቱ ዞረች። «እንደ ልጄ ናት። ግን እሁድ እሁድ ከጎኑ ተቀምጣ ጆሮው ላይ ስትንሾካሾክ... አርባ ዓመት ሚስቱ እኔ ነኝ፤ ጆሮው የእሷ ሆነ። እንግዲህ እኔም ሰው ነኝ።»

የሟቹን ታናሽ ወንድም ቤተሰቡ «ጋሼ ድገሙኝ» ይለዋል፤ ምክንያቱን ፊቱ ይናገራል። «ወይን አውቃለሁ ብዬ አልዋሽሽም» አለ። «ቀይ ነው፣ ነጭ ነው፣ አልቋል። እነዚህን ሦስቱን እለያለሁ።»

«ዛሬ ያስተዋሉት ነገር አለ?»

«ምን አስተውላለሁ? ሥጋው ነጭ ሽንኩርት በዝቶበታል። ገና ሳልቀምሰው ሸተተኝ። ወንድሜ እንዴት ዝም አለ አልኩ።»

«ያለፈው እሁድ ወይንስ እንዴት ነበር?»

«እሱማ ተሞገሰ! ፕሪም አለው፣ የትንባሆ ቅጠል አለው ተባለ። እኔን እርጥብ ጆንያ፣ እርጥብ ጆንያ አለኝ። ግን ወንድሜ ካመሰገነ እኔ ማን ነኝ? ድገሙኝ አልኩ።»

«ማን ነው ያመጣው?»

«ልጁ። ተራው ነበር።»

ልጁ አሁን የፋብሪካው ዋና ቀማሽ ነው፤ ሥራውን ከአባቱ የተረከበ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር።

«ሚስቴ ናት ብሎ መናገር ይከብዳል» አለ። «ግን ዛሬ ከአባዬ ጎን የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ክንዴ ክንዱን ይነካው ነበር። ምንም አልሸተተኝም። እሷ ከገበታው ግርጌ ሆና ጮኸች። እንግዲህ እርስዎ ይፍረዱ።»

«ሁልጊዜም ቦታዎ እዚያ ነው?»

«ቦታው የእሷ ነው። ዛሬ ልቀየርሽ አልኳት። አባቴ አይደለም እንዴ?»

«የአባትዎ አፍንጫ እንዴት ነበር?»

«እንደ ምላጭ! ያለፈው እሁድ ያመጣሁትን ወይን አንድ በአንድ ተረተረው።»

«ለእርስዎስ?»

«ግሩም ወይን ነበር።»

ወጥ ቤት ስትገባ ምግብ አብሳይዋ ዓይኗን በሽርጧ እየጠረገች ነበር። ስለ ነጭ ሽንኩርቱ ስትጠየቅ ግን ልቅሶዋን አቋረጠች። «በእሁድ? ኧረ የማይሆነውን! ጋሼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ‹የወይን ጠላት ነው› ብለው ከነድስቴ ያባርሩኝ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ በእሁድ ምግብ ነክቼው አላውቅም።» ከመደርደሪያው ሥር ግማሽ የደረሰ ጠርሙስ አለ። «እሱ ያለፈው እሁድ ትራፊ ነው። ለሥጋ ማራሻ ብዬ ነበር፤ ግን ይሸታል፣ ልደፋው ነው።»

መርፌ ቡሹን ነቀለች። ወይን የማታውቅ ሴት ብትሆንም ፊቷን አኮማተረች።

ጠርሙሱን ይዛ ወደ ምራቲቱ ክፍል ሄደች። ምራቲቱ በፋብሪካው ላቦራቶሪ የምትሠራ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት ሴት ናት። አንድ ጊዜ አሸተተችው።

«ቡሹ ነው ያበላሸው። እንዲህ ያለው ፋብሪካ ውስጥ ለብቻው ተለይቶ ይቀመጣል። ጀማሪም አያልፈው።»

«አማትሽ አሞግሰውታል።»

ምራቲቱ ጠርሙሱን ከፊቷ ገፋችው።

«ያለፈው እሁድ የት ነበርሽ?»

«እናቴ ታማ እሷ ዘንድ ነበርኩ።»

«ስለዚህ ያን ቀን በጆሯቸው የሚነግራቸው አልነበረም።»

ያን ጊዜ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ከስምንት ወር በፊት ትኩሳት ይዟቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ምንም አይሸታቸውም። አበባ የለ፣ ጭስ የለ። እኔ የሸተተኝን እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው ያሳምሩታል። ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ። አሁን ብናገርስ? የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ገዳይዋ እኔው ሆንኩ ማለት ነው።»

«የምታውቂው አንቺ ብቻ ብትሆኚ፣ አዎ» አለች መርፌ።

በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ሁሉንም በዚያው ገበታ አስቀመጠቻቸው፣ እንደ እሁዱ። በገበታው ራስ ያለው የሟቹ ወንበር ባዶ ነው። ልጁ በቀኝ በኩል፣ እናቱ በግራ፣ አጎቱ ከእናቱ ቀጥሎ፣ ምራቲቱ ከግርጌ። ሳጅኑ በሩ ላይ ቆመ፤ ምራቲቱን ካደረችበት ጣቢያ ያመጣት መኪና መልሶ ሊወስዳት ውጭ ይጠብቃል።

«ይህ ቤት ሟቹ የበርሜል ዝንብ ይለያሉ ብሎ ያምን ነበር» ብላ ጀመረች። «እንዲህ የሚያምን ሰው የሚሸት መርዝ ብርጭቋቸው ውስጥ አያስገባም። ገና ባዶውን ሲያሸቱ ይነቁበታል። ስለዚህ ገዳዩ አፍንጫቸው እንደሞተ የሚያውቅ ሰው ነው።»

አጎትየው አፉን ከፈተ። «የማን አፍንጫ? የወንድሜ?»

«ስምንት ወር። ይህን አንደኛ ምራታቸው ታውቃለች። ሁለተኛው ሰው ጠርጥሮ ነበር፤ ለማረጋገጥ እሷ የሌለችበትን እሁድ ጠብቆ ቡሹ ያበላሸውን ወይን አመጣ። አባቱ ፕሪም አለው ሲሉ ጥርጣሬው አለቀ። ትናንት ስጠይቀው ግሩም ወይን ነበር አለኝ። ዋና ቀማሹ!»

«አባቴን በሰው ፊት ላዋርደው ኖሯል?» አለ ልጁ።

«ይሁን። ግን ምራታቸው ከጎናቸው እያለች መርዙ አያልፍም፤ የእሷ አፍንጫ አለ። ስለዚህ ያ አፍንጫ ከዚያ ወንበር መነሳት ነበረበት። የተነሳውም በእርስዎ ጥያቄ ነው። እሷ ገዳይ ብትሆን ወንበሯን መልቀቅ ለምን አስፈለጋት?»

«ይሄ ሁሉ ግምት ነው። አልሸተተኝም ብያለሁ።»

«ብለዋል። አጎትዎ ሁለት ወንበር ርቀው ነጭ ሽንኩርት ሸቷቸው በሥጋው አሳብበዋል። ሥጋው ውስጥ ነጭ ሽንኩርት የለም። ምናልባት እርስዎን ጉንፋን ይዞዎት ነበር?»

ሳጅኑ ከበሩ አንድ እርምጃ ቀረበ። ‹አዎ› ቢል ነገሩ ሁሉ እዚያው ይቀር ነበር።

ልጁ ግን ወደ ሚስቱ አየ። «አልያዘኝም» አለ።

«እንግዲያው አፍንጫዎ ደካማ ነው። ደካማ አፍንጫ ወንጀል አይደለም፤ በዚህ ማንም አይከስዎትም። እሷ ከግርጌ ለየችው፤ እርስዎ ክንድ ለክንድ ሆነው አመለጠዎት። አባትዎ እሷን መምረጣቸው ትክክል ነበር ማለት ነው።»

«ሸትቶኛል!» ወንበሩ ወደ ኋላ ተገለበጠ። «ከእሷ በፊት ነው የሸተተኝ! ገና ሲያነሳው፣ ገና ሳያዟዙረው! የእኔ አፍንጫ ከማን ያንሳል?»

ልጁ የተናገረውን ራሱ የሰማው ዘግይቶ ነበር፤ ቀለሙ ከጆሮው ጀምሮ ጠፋ።

«ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አሽት አሽት ሲለኝ ያደግኩት እኔ ነኝ» አለ ዝቅ ብሎ። «ሲጠፋበት ለእሷ ነገራት። ትናንት ለመጣች። በገዛ አባቴ ገበታ እኔ እንግዳ ሆንኩ።»

«ለአንተ ያልነገረህ ስለሚቀናብህ ነው» አለች እናቱ።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ድምፅዋ አልተለወጠም።

«ለእኔም አልነገረኝም። ግን ወተት አርሮ ቤቱ ሲጨስ፣ ከምድጃው አጠገብ ቆሞ ጋዜጣ ሲያነብ አየሁት። እስኪነግረኝ ጠበቅኩ። ስለ አንተ ግን አንድ ቀን ተናገረ። ‹በስልሳ ዓመቴ ያልደረስኩበት በሠላሳው ደርሷል› አለና ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። በአንተ ፊት ባዶውን መቆም አልቻለም። ወደ እሷ የሄደው ስለማይፎካከራት ነው።»

ልጁ ቆሞ ቀረ። «እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«የእኔም ቅናት ነበረኝ» አለች። «እናንተ ስትቀናኑ እኔ ደግሞ ዝም አልኩ።»

መርፌ ወረቀትና እስክሪብቶ ከገበታው ላይ አኖረች። «እኔና ሳጅኑ ሰምተናል። ፍርድ ቤት ግን ጠበቃ ይኖራል፤ ፖሊስ ፈጠረው ይላል። ከቤተሰቡ የሚመሰክር ከሌለ ክሱ ተመልሶ ወይኑን በቀዳችው ላይ ይወድቃል። ‹ሸትቶኛል› ሲል የሰማ ማን ነው?»

አጎትየው ጣቶቹን መቁጠር ያዘ። «እኔ እንኳን... ጆሮዬም እንደድሮው አይደለም። ደግሞ የወንድሜ ልጅ ነው።»

ምራቲቱ ቀና አላለችም። የእሷ ቃል ለራሷ አይመሰክርም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ልጁ እናቱን ብቻ ያያል። እናትየዋ ልጇን አየችው፣ ረጅም ጊዜ፤ ትንሽ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ከበር ላይ እንደሚታየው። ከዚያ እስክሪብቶውን ወደ መርማሪዋ ገፋችው።

«እኔ ሰምቻለሁ» አለች። «አንድም ቃል ሳታስቀሪ ጻፊው፣ እፈርማለሁ። እናቱ መሆኔንም ጻፊ።»