ዶሮዎቹ ደጅ የወጡ ዕለት

በከርስ ፀሐይ በቀን ሁለት ጊዜ ትወጣለች፤ አንዴ ለዶሮ፣ አንዴ ለሰው። የዶሮዋ ትቀድማለች። የዶሮ ጠባቂዋ ትርንጎ ቁልፉን ስትጫን የጣሪያው መብራት መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ቢጫ ይሆናል፣ በመጨረሻ ይነጣል፤ አውራ ዶሮውም ደረቱን ነፍቶ ይጮኻል። አምፖል እያየ እንደሚጮኽ የነገረው የለም። ሰዎቹ የራሳቸው ፀሐይ አምፖል መሆኑን ያውቃሉ፤ ከዶሮው የሚሻሉት በዚህ ብቻ ነበር።

ከርስ በጉና ተራራ ሆድ ውስጥ የተፈለፈለች ከተማ ናት። ምድሩ ሲቃጠል ወደዚያ የገቡት ቅድመ አያቶች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የውጪው አየር ተሽሎታል፤ አፈሩ ግን እንደ ሞተ ቀረ፣ ምንጮቹም ደረቁ። አሳሾች በየጊዜው ወጥተው፣ የያዙት ውሃ እስከሚያደርሳቸው ሄደው፣ አቧራ ቅመው ይመለሳሉ።

ያን ሰሞን የትል ገንዳው ታመመ። የትል ገንዳ የከተማዋን ጥራጊ በልቶ ለዶሮዎቹ ቀለብ፣ ለአትክልቱም ማዳበሪያ የሚሰጥ ግማሹ ብረት፣ ግማሹ ነፍስ ያለው ማሽን ነው። ብረቱ ደህና ነበር፤ በውስጡ የነበሩት ትሎች ግን አለቁ። ሸንጎው ነገሩን ሳይሸፋፍን ተናገረ። ገንዳው ካልዳነ ምግብ አይበቃም፤ ምግብ ካልበቃ ሰው ወደ ማቆያ ይገባል። ማቆያ የሚሉት ገላን አቀዝቅዞ ሕይወትን በክር ጫፍ አንጠልጥሎ የሚያስቀምጥ የመስታወት ሣጥን ነው። ሰው መክተቱን ያውቁበታል። መቀስቀሱን የሞከሩት አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ የሞከሩበት ሰው አልተነሣም። ሆኖም ከረኀብ ይሻላል ተባለ፣ ልጆችም ይቀድማሉ ተባለ። ትርንጎ ውብርስት የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ አለቻት።

ዶሮዎቹ ደጅ ይውጡ የሚለው ሐሳብ የአቶ ላቀው ነበር። አቶ ላቀው የከርስን ቤተ ሙከራ የሚመሩ ሽማግሌ ናቸው።

«ከአፈሩ አንዲት ሕያው ትል ብትገኝ ይበቃናል» አሏት ዶሮ ቤት ድረስ መጥተው። «እንደ እርሾ ናት፤ ገንዳውን መልሳ ታነሣዋለች። እኛ በመሣሪያ ስንቆፍር ኖረን አላገኘንም። ዶሮ ደግሞ ሥራዋ መጫር ነው።»

«ጋሼ፣ እነዚህ እኮ መሬት ረግጠው አያውቁም። የተፈለፈሉት በማሽን ነው፤ መጫርን ያሳየቻቸው እናትም የለች።»

«አውቃለሁ።»

«አንዷ ብትጠፋብኝስ?»

«ካላወጣናቸውም መጥፋታቸው ነው፣ ልጄ።»

ትርንጎ ተስማማች፤ ግን ዘቡ አብሮ እንዲወጣ ለመነች። ዘብ የከተማዋን በር የሚጠብቅ ባለ አራት እግር ማሽን ነው። የሰው ቋንቋ አያውቅም፤ የሚያውቀው በሰው ድምፅ ውስጥ ያለውን ፍርሃት ነው። ብዙ ሰው አንድን ነገር እያየ በፍርሃት ከጮኸ፣ ዘቡ ያንን ነገር ይመታል። ከተሠራ ጀምሮ የመታው ነገር ስላልነበረ ልጆች ጀርባው ላይ እየወጡ ይጫወቱበት ነበር።

ዶሮዎቹ በወጡበት ጠዋት የከርስ ሰው ሁሉ በሩ ላይ ተሰበሰበ። ብርሃኑ ዓይናቸውን ስለሚወጋቸው ጥቁር መነጽር አድርገዋል። ትርንጎ ቅርጫቶቹን ከፈተች። ዶሮዎቹ አልወጡም። አንድ በአንድ አንሥታ አፈሩ ላይ ስታስቀምጣቸው ያስቀመጠቻቸው ቦታ ላይ ቆሙ። አውራ ዶሮው ሽቅብ አይቶ ሊጮኽ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

«አምፖሉ በዛበት መሰለኝ» አለ አንዱ፤ ሰዉም ሳቀ። ከብዙ ቀን በኋላ የተሳቀ ሳቅ ነበር።

ከዚያ አንዲት ቀይ ቄብ አንገቷን አስግጋ አፈሩን አየችው። አንድ ጊዜ ጫረች። ወደ ኋላ ሸሸት ብላ የጫረችውን አየች፣ ደግማ ጫረች። ማንም አላስተማራትም። ሌሎቹም ተከተሏት። ትርንጎ ጎንበስ ብላ እያንዳንዷን ጭረት ትከታተል ነበር፤ ከአፈሩ የሚወጣው ግን አፈር ብቻ ነበር። ዶሮ ጭራ ጭራ መታረጃዋን ታወጣለች ይላል ተረቱ፤ የከርስ ዶሮዎች ያንንም አላገኙም።

ድንገት አንዷ በጎኗ ወደቀችና ክንፏን እያራገበች፣ እግሯን እያወራጨች አቧራውን ታቦን ጀመር። ትርንጎ መርዝ ነክቷት እንደሆነ ብላ ሮጠች። አቶ ላቀው እጇን ያዟት።

«ተያት። እየታጠበች ነው። ድሮ እንዲህ ያደርጉ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ።»

ትርንጎ ቆማ አየቻት። ዶሮዋ ዓይኗን ጨፍና አቧራውን በላባዋ መሐል ትነሰንሳለች፤ ደስ ብሏታል። ትርንጎ አለቀሰች። ትል ባይገኝም፣ ለዚህች ለአንዷ ደስታ ስትል እንኳ ዶሮዎቹን በማውጣቷ አልተቆጨችም።

ጥላው ያለፈው ያኔ ነው። ዶሮዎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ መሬት ላይ ተለጠፉ፤ ቀና ያለችው ትርንጎ ክንፉን ዘርግቶ የሚወርድ ነገር አየች። በሕይወቷ አይታው አታውቅም፤ ግን አወቀችው። በከርስ ልጅ አፍ ሲፈታ የጭልፊት ጨዋታ ይማራል። አንዱ ጭልፊት ይሆናል፣ ሌሎቹ ጫጩት ይሆናሉ፤ ጭልፊቱ ሲመጣ አዋቂውም ሕፃኑም እሪ ብሎ ያባርረዋል። ጭልፊት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው አልቀረም ነበር፣ እሪታው ግን ከአያት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሲወርድ ኖሯል።

«ጭልፊት!» ብላ ጮኸች ትርንጎ። ከኋላዋ የከርስ ሰው ሁሉ እሪ አለ።

ዘቡ አንገቱን አቀና። ከትከሻው ቀጭን ብርሃን ወጣ። ወፏ ቀይዋን ቄብ በጥፍሯ እንደጨበጠች ወደቀች፤ ሁለቱም ትንሽ ተንፈራግጠው ዝም አሉ። ጨዋታው ሲያልቅ እንደሚደረገው ጥቂት ሰዎች አጨበጨቡ፤ ሌላው ዝም ሲል እነሱም ተዉት።

አቶ ላቀው ተንበርክከው ወፏን አገላበጧት። ላባዋ ቡናማ ነው፤ ሞቃት ናት። ሆዷ ላይ ግን የእጅ መዳፍ የምታህል ቦታ ራቁቷን ነበረች።

«ሴት ናት» አሉ ቀስ ብለው። «እንቁላል ወይም ጫጩት ስታቅፍ ነው ላባዋ እዚህ የሚረግፈው። ጎጆ አላት።»

ጉሮሮዋ ሥር ያለውን ከረጢት በቢላ ከፈቱት። ከውስጡ ገና ያልተፈጨ፣ አረንጓዴ ቆዳ ያለው ትንሽ እግር ወጣ። አቶ ላቀው ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው አዩት።

«እንቁራሪት ነው። ውሃ በሌለበት እንቁራሪት አይኖርም፤ ውሃ ካለ ደግሞ ትልም አለ። ዛሬ ጠዋት የተበላ ነው» ብለው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ከየት መጣች? ከወዴት በኩል?»

ሁሉም እጁን አነሣ። አንዱ ወደ ሸለቆው፣ አንዱ ወደ ገደሉ፣ አንዷ ከራሷ በላይ ጠቆመች። ትርንጎም ጠቆመች፤ ጣቷን ግን እሷም አላመነችውም። ሰማዩን ያየ አልነበረም፤ ሁሉም ዶሮ ያይ ነበር። የዘቡ ዓይን የቀረጸውን መርምረው ያገኙት ከእሪታው በኋላ ያለውን ብቻ ሆነ፤ ሰው ሳይጮኽ ዘብ አያይም።

ያጠራቀሙት ውሃ የሚበቃው ለአንድ ጉዞ፣ ለአንድ አቅጣጫ ነበር። ሸንጎው ጣት የበዛበትን መረጠ። የሄዱት ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ተመለሱ፤ አቧራ እንጂ ሌላ አላዩም። የቀረው ሰው እስኪመለሱ በሩን ከፍቶ፣ ሌላ ጭልፊት ከወዴት እንደሚመጣ ሊያይ አንጋጥጦ ሰማይ ሲጠብቅ ሰነበተ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። ዶሮዎቹ ደግሞ ያቺን ጥላ ካዩ ወዲህ ቢጎትቷቸውም አልወጣ አሉ። ማጥመጃ የሚሆን ዶሮ እንኳ ደጅ ላይ ስላልነበረ ከሰማዩ የወረደ አልነበረም።

ልጆቹ ወደ ማቆያ በሚገቡበት ዕለት ዋዜማ ትርንጎ አቶ ላቀውን በሩ ላይ አገኘቻቸው።

«እኔ ነኝ የጮኽኩት» አለች።

«አንቺ ባትጮኺ ሌላው ይጮኽ ነበር። እኔም ጮኼያለሁ፣ ትርንጎ። ስሟን እንኳ ሳንረሳ፣ ትመጣለች ብለን ስንጠብቃት ኖረን፣ የምናውቀው ግን ማባረር ብቻ ነበር። ‹እንኳን መጣሽ› የሚባልበት ጨዋታ ለልጆቻችን አላስተማርናቸውም።»

ሽማግሌው ሰማዩን ማየት አልተዉም፤ ትርንጎ ግን ወደ ልጅዋ ሄደች።

በማግስቱ ውብርስትን አጠበቻት፣ ፀጉሯን ሠራቻት፣ በእቅፏ ይዛ ወደ ማቆያው ወረደች። ልጅቱ አልፈራችም፤ መስታወቱ ሲቀዘቅዝ በጣቷ እያሸች ሳቀች። እናቷ ብርድ ልብሱን አገጯ ድረስ ሳበችላት።

«እማዬ፣ ጭልፊቷ ዶሮዋን ለማን ልትወስድ ነበር?»

«ለጫጩቶቿ።»

«አሁን ማን ያበላቸዋል?»

ትርንጎ ክዳኑን ይዛ ቆመች። ክፍሉ ውስጥ ሌሎች እናቶች ነበሩ፤ ሁሉም ጎንበስ ብለው የሚያወሩት ከየልጆቻቸው ጋር ነው። ያቺ ጎጆ የት እንዳለች የሚያውቅ አልነበረም፤ ጫጩቶች በዚያ ፀሐይ እናት ሳትኖራቸው ስንት ቀን እንደሚቆዩ ግን ዶሮ ያሳደገ ሰው አያጣውም።

«ማንም አያበላቸውም፣ የኔ ልጅ» አለቻት። «ተኝተዋል።»

«እንደኔ?»

«እንደ አንቺ» አለችና ክዳኑን ዘጋችው።