የሠረገላ ነጂው ጓንት

እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. የካቲት ሲገባ፣ የታሊን ወደብ ከዳር እስከ ዳር በረዶ ሆኖ ሳለ፣ ወደ ስቶክሆልም የሚሻገረው የመንገደኞች መርከብ መንገድ የሚከፍትለትን በረዶ ሰባሪ መርከብ ተከትሎ ወጣ። በኋለኛው ወለል ላይ፣ ከቅቤ በርሜሎች አጠገብ፣ በብረት እግር በረዶ ላይ የሚንሸራተቱ ባለ ሸራ ጀልባዎች ምሰሷቸው ተነቅሎ በገመድ ታስረው ነበር፤ ስዊድኖች በጠሩት ውድድር የኢስቶኒያን ስም ለማስጠራት የሚሄዱ ናቸው። ከእነርሱ አንደኛዋን ከመጀመሪያዋ ሳንቃ ጀምሮ የሠራት አናጢው ዩሪ ቫልም ነው፤ እስከ ዘንድሮም መሪዋን የሚይዘው እርሱ ነበር።

ዘንድሮ ግን የበረዶ ጀልባ ማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ጡረተኛው ኮሎኔል፣ በጉባኤ ፊት ተነሥተው መሪውን ለወጣቱ ለሬይን ኦርግ ሰጡ፤ ዩሪንም የሸራ ገመድ ሳቢ አደረጉት። ዩሪ እጅ ነሥቶ ተቀመጠ፤ አንጀቱ ግን አረረ። ጋዜጣ የሚጽፈው ስለ ውጭ አገር ውድድር ብቻ ነው፤ የሚያነሣውም የመሪ ያዡን ስም ነውና፤ ገመድ ሳቢውን ማን ያውቀዋል?

መርከቡ በተነሣ በማግስቱ ከኦላንድ ደሴቶች ወዲህ በረዶ መካከል ተቀርቅሮ ቆመ። ካፒቴኑ በረዶ ሰባሪው እስኪመለስ መንገደኛው ወርዶ እግሩን እንዲያፍታታ ፈቀዱ፤ ወዲያው በረዶው ላይ ሣቅና ጨዋታ ሆነ። ከሌላኛው ጀልባ ተወዳዳሪዎች አንዱ የሆነው ወፍራሙ ካርል ኡይቦ፣ በአንድ እጁ ጥቁር ዳቦ በሌላው የጨው ዓሣ ይዞ ዩሪን መጎነታተል ጀመረ።

«አንተ ዩሪ! ሙሽራው መሪዋን ይዞ ሄደ፤ አንተ ሚዜ ሆነህ ቀረህ አይደል?»

«ዓሣህን ብላ፤ አጥንቱ ጉሮሮህ ላይ ይቁምና።»

«አይ፣ እኔማ ጓንቱ አስቀንቶኝ ነው። እየው እስቲ ልጁን! እንዲህ ያለ ጓንት የሚያጠልቅ ሰው ፍቅረኛ አለችው ማለት ነው።»

ዩሪ ዞር ብሎ አየ። ሬይን ጓንቱን አጥልቆ ለአንዲት መንገደኛ ስለ ሸራ ያስረዳል፤ ጓንቱ ብርቱካንማ ነው፣ ጥቁር ኮከብ የተጠለፈበት፣ ጠርዙ ላይ ቀይ መሰላል ያለው። በኢስቶኒያ የሙሁ ደሴት ሴቶች ኮከቡን ሁሉም ይሠሩታል፤ ጠርዙን ግን እያንዳንዱ ቤት የራሱን ይሠራል፤ ሴት ልጅም ከእናቷ የወረሰችውን ጠርዝ ለባዕድ አትሰጥም። ቀዩ መሰላል የአኪሊና ቤት ነው፤ አኪሊና ደግሞ የዩሪ ሚስት ናት። መጸውን ሙሉ ምድጃ ዳር ተቀምጣ ስትሠራው እያየ፣ «ለኔ ነው» ብሎ በልቡ ሲደሰት ከርሟል።

ቅናት ሰውን ያቃጥላል ይባላል፤ ዩሪን ግን አቀዘቀዘው። መሪውን ወሰደብኝ፣ አሁን ደግሞ ቤቴን፣ አለ በልቡ። ሰው ሁሉ በረዶው ላይ ሲንሸራሸር እርሱ ወደ መርከቡ ወጣ፤ የጀልባዋን የፊተኛ ብረት እግር ከቅባታም ጨርቁ ፈታ፤ በገዛ እጁ እንደ ምላጭ የሳለውን ስለት በሞረድ እየገዘገዘ ዶለዶመው። ያ ብረት በረዶውን ካልነከሰ ጀልባዋ ስትዞር ትንሸራተታለች። ልጁ በስዊድኖች ፊት ይዋረድ፣ ከዚያ መሪው ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ ያሰበው ይህንን ብቻ ነበር።

መርከቡ ስዊድን ደርሶ፣ የውድድሩ ጧት ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ በረዶው መስተዋት መስሎ ነጋ። ዳኛው ባንዲራውን ሊያነሡ ሲዘጋጁ ሬይን ጓንት ያጠለቀ እጁን አነሣና ሣቅ አለ።

«ጋሽ ዩሪ፣ እንዳልነግርዎ አስምለውኝ ነበር፤ ግን ካልተናገርኩ ይከብደኛል። ይህን የሰጡኝ እመቤት አኪሊና ናቸው።»

«አውቃለሁ» አለ ዩሪ፣ ጥርሱን ነክሶ።

«ያውቃሉ? እንግዲያማ ምን እንዳሉኝም ያውቃሉ። ‹በአገሬ ሙሽራ ከሳጥኗ ጓንት አውጥታ የምትሸልመው የሠረገላውን ነጂ ነው፤ በሰላም አድርሰኝ ስትለው። እኔ ሙሽራ አይደለሁም፤ ግን ባሌን የምትነዳው አንተ ነህና በሰላም መልስልኝ› አሉኝ። የእርስዎ ጓንት ሻንጣዎ ውስጥ ከሥር ተቀምጧል፤ ከውድድሩ በኋላ ንገረው ብለዋል።»

ዩሪ ዝቅ ብሎ የፊተኛውን ብረት አየ። ብረቱን እንደገና ለመሳል ጊዜ የለም፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ፈራ። ይህ ልጅ ምንም ሳያውቅ፣ የአኪሊናን አደራ እጁ ላይ አጥልቆ፣ ወደሚያንሸራትተው በረዶ ሊገባ ነው፤ በፍጥነት ከዞረ ጀልባዋ ትገለበጣለች።

«መሪውን ስጠኝ» አለ።

«ምን አሉ?»

«ዛሬ እኔ ልንዳ። አትጠይቀኝ፣ ሬይን፤ እለምንሃለሁ።»

ልጁ ከመሪው ተነሣ። «ጀልባዋ የእርስዎ ናት፣ ጋሽ ዩሪ። ለኮሎኔሉ እኔ እነግራለሁ» አለና ገመዱን ያዘ።

ዩሪ የተመኘውን መሪ ጨበጠ። ሌሎቹ ሸራቸውን ነፍተው ሲበሩ እርሱ በየመዞሪያው ሬይን ሸራውን እንዲያላላ እያዘዘ፣ ጀልባዋ ዳሌዋን ወደ ጎን እየጣለች በሄደች ቁጥር ላብ እያጠመቀው፣ እንደ አሮጌ ጋሪ አዘገማት። ተመልካቹ አፏጨ፤ ካርል ኡይቦ አልፎት ሲሄድ «ሚዜው ሰክሯል!» ብሎ ጮኸ። ሬይን ግን ገመዱን ሳይለቅ፣ አንዴም ሳይወድቅ፣ ከእርሱ ጋር መጨረሻ ገባ።

የዚያ ሳምንት ጋዜጣ በአሸናፊዎቹ ስም ሥር አንዲት መስመር ጨመረ፤ «የኢስቶኒያው መሪ ያዥ ዩሪ ቫልም እጅግ ፈሪ ሆኖ ታየ።» ማኅበሩም ከዚያ ወዲህ መሪ አልሰጠውም። አኪሊና መስመሯን አንብባ ተናደደች፤ «አንተን ነው ፈሪ የሚሉት?» አለች። ዩሪ አዲሱን ጓንት ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ቀዩን መሰላል በጣቱ እየዳሰሰ፣ «ተያቸው፣ ትክክል ናቸው» አላት። ያን ያህል የተቃጠለለት ስሙ በጋዜጣ ላይ የታተመው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ የታሪክ ጸሐፊዎችም ዩሪ ቫልምን የሚያውቁት በዚያች መስመር ነው።