«ተመለሰ» የምትለው ቁልፍ

ውሸታም ብትሉኝ አልቀየምም። ግን ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው... ሰበታ፣ ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም.፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ከማል እባላለሁ። ሥራዬ ዌብሳይት መሥራት ነው። ያኔ ኦቦ ቦጂያ ግቢ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር።

ወቅቱን ታስታውሱታላችሁ። በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። ወጥተው ያልተመለሱ ልጆች በየሰፈሩ አሉ። የኦቦ ቦጂያ ልጅ ለሚም ከወጣ አሥራ አንድ ቀኑ ነበር።

አባቱ ያልጠየቁበት ቦታ አልነበረም። የለም... የለም... የለም።

በመጨረሻ ወደ እኔ መጡ።

«የጠፉት ልጆች ፎቶ የሚወጣበት ገጽ ሥራልን።»

እሺ አልኩ። ሰፈራችን ኢንተርኔት ስላልነበረ፣ ጓደኛዬ ዛኪር በፍላሽ የሰጠኝን የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ተጠቀምኩ። ውስጡ ሌላ ሰው ሠርቶ የጨረሳቸው ነገሮች አሉ። ካርድ፣ ቁልፍ፣ የፎቶ ማስቀመጫ... የእኔ ሥራ መገጣጠም ብቻ ነው። ማን እንደሠራቸው ጠይቄ አላውቅም።

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ካርድ፣ ማለትም ፎቶው የሚገባበት ሳጥን ሰጠሁ። ፎቶው ግራጫ ነው። ልጁ ሲገኝ ከሥሩ ያለችውን «ተመለሰ» የምትል ቁልፍ ስትነኳት ፎቶው ቀለም ያገኛል።

መሥራቷን ለማየት ብዬ የለሚን ነካሁ።

ፎቶው ቀለም አገኘ።

የግቢው በር ተንኳኳ...

ለሚ ነበር።

ፎቶው ላይ የለበሰውን ሰማያዊ የተማሪ ልብስ ለብሷል። ንጹሕ ነው፣ ጭምድድ እንኳ አላለም። ፎቶው ላይ እንደሚስቀው ይስቃል።

ኦቦ ቦጂያ ሮጠው አቀፉት። «ኢልማ ኮ... ልጄ...»

አልመለሰላቸውም። ፈገግታውም አልተነቃነቀም።

ከዚያ ትከሻውን የሚዳብሰው እጃቸው ቀጥ አለ።

የለሚ ግራ እጅ የለም።

ደም የለም። ቁስል የለም። እጅጌውም ትከሻውም አንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ያልቃሉ... በምላጭ እንደተቆረጠ ወረቀት።

ወደ ላፕቶፔ ሮጥኩ። ካርዱ ጠባብ ነው። ሙሉ ቁመቱን የያዘውን ፎቶ ከጎን ቆርጦታል። ግራ እጁ ከካርዱ ውጭ ቀርቷል።

ላፕቶፑን ይዤ ተመለስኩ። «ኦቦ» አልኩ በሹክሹክታ። «ላጥፋውና ካርዱን ላስፋው። እጁ ይመጣል።»

«ስታጠፋው ልጁ የት ይሄዳል?»

«አላውቅም።»

«ተመልሶ ባይመጣስ?»



ክንዴን ያዙኝ። ጥፍራቸው ቆዳዬ ውስጥ ገባ።

«እንዳትነካው።»

ለሚ ያን ቀን አልተቀመጠም። ውኃ ሲሰጡት በፈገግታው በኩል ወደ ደረቱ ፈሰሰ። አባቱ ጠረጉለት... ደግመው ሰጡት... ደግመው ጠረጉለት። ከጥርሶቹ ኋላ ምን እንዳለ ለማየት አልደፈርኩም።

በማግስቱ ከሰዓት እትዬ ረምዚያ ክፍሌ መጡ። መንገድ ዳር ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ ባልቴት ናቸው። አንድያ ልጃቸው የህያ ከፋብሪካ እንደወጣ አልተመለሰም።

ከቦርሳቸው ትንሽ ፎቶ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

አየሁትና መልሼ ገፋሁላቸው።

«እትዬ... ሌላ ፎቶ የለዎትም?»

«ለመታወቂያ የተነሳው ይሄ ብቻ ነው።»

«ጉርድ ፎቶ ነው እኮ...»

«አየሁት።»

«ከአንገቱ በታች ምንም የለም።»

«አየሁት አልኩህ።»

«ለሚን አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ። አባቱ ሲያጎርሰው አይቻለሁ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ለሱ ሠርተህ ለእኔ እንቢ ልትል ነው?»

እንቢ ማለት ነበረብኝ። ያንን ዛሬም አውቃለሁ።

ግን ዓይን ዓይኔን እያዩኝ ነበር። ፎቶውን በስልኬ አንስቼ ካርዱ ላይ አስገባሁት። ካርዱን የቻልኩትን ያህል አሰፋሁት... ምንም አልጨመረም።

እጄ ቁልፏ ላይ ቆመ።

«ፊቱን ብቻ ልየው» አሉኝ።

ነካኋት።

ግራጫው ሄደ። የየህያ ጉንጭ ቀለም አገኘ።

ጠበቅን...

 ኦቦ ቦጂያ ከቤት ውስጥ ልጃቸውን ሲያዋሩ ይሰማል።

ከዚያ የክፍሌ በር ተነካ።

አንድ ጊዜ... ሁለት ጊዜ...

ከታች። ከመሬቱ ልክ።

እትዬ ረምዚያ ሻርፓቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ። በሁለት እጃቸው ዘርግተው ያዙትና ጎንበስ ብለው ወደ በሩ ሄዱ።