በጓንዡ ሰዓት

«እስኪ ጂቱ፣ ነይ ውጪ» አሉ ቲቸር ደቻሳ ጠመኔውን እየዘረጉላት።

በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ የተነሳ ለሦስት ሳምንት የተዘጋው የቡራዩ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። የክፍሉ ግማሽ ወንበር ባዶ ነው። ቲቸር ደቻሳ ግን ጂኦግራፊያቸውን ካቆሙበት ቀጥለዋል፤ የአውሮፕላን ጉዞ ርቀትና ሰዓት። ተማሪው እንዳይደብረው ብለው ምሳሌውን እዚያው ክፍል ውስጥ አገኙት። የኡሙልኸይር አባት፣ ልብስ ነጋዴው ሰልማን፣ ዕቃ ሊያመጡ ቻይና ሄደዋል፤ ዛሬ ይመለሳሉ ተብሏል።

«አባትሽ ከጓንዡ ስንት ሰዓት ላይ ተነሱ?»

«ጠዋት አንድ ሰዓት» አለች ኡሙልኸይር ቀስ ብላ። «ለምሳ ይደርሳል።»

ጂቱ ጻፈች። ከጓንዡ ቦሌ፣ ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ። ፍጥነት፣ በሰዓት ስምንት መቶ። አሥር ሰዓት ይፈጃል። አንድ ሲደመር አሥር፣ አሥራ አንድ።

«ለምሳ ከሆነማ ሮኬት ነው የተሳፈሩት!» አለ ጋሮማ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ጂቱ ዞር አለች። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አብራት የምትቀመጠው ጓደኛዋ የሻርፗን ጫፍ ነክሳ አንገቷን ደፍታለች። ጠዋት አብረው ሲመጡ «አሁን ገና ደወለልኝ፣ አውሮፕላን ሊገባ ነው» ብላት ነበር። ያኔ የጂቱ ሰዓት ልክ አንድ ይል ነበር። ጠመኔው እጇ ላይ ቀረ። በእኛ አንድ ሰዓት ተነስቶ ለምሳ የሚደርስ አውሮፕላን የለም፤ ኦቦ ሰልማን አውሮፕላን ላይ አይደሉም።

«አላለቀም፣ ቲቸር» አለች። «አንድ ሰዓት የተባለው በጓንዡ ነው። እነሱ በአምስት ሰዓት ይቀድሙናል። ሲነሱ እዚህ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነበር። አሥር ሲጨመርበት፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ለምሳ ይደርሳሉ።»

«ጋሪ! ጎበዝ!» አሉ ቲቸር ደቻሳ፣ ኦሮምኛውን ከአማርኛው ደርበው። «የሰዓት ልዩነቱን እኮ ለነገ ነበር ያቆየሁት።»

ከክፍል ሲወጡ ኡሙልኸይር እጇን ይዛ አስቆመቻት። «ለምን እንደዛ አልሽ? በእኛ አንድ ሰዓት እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

«የት ናቸው?»

ኡሙልኸይር ግራ ቀኙን አየች። «ፖሊስ ጣቢያ። በአድማው ቀን ሱቅ ዘጋህ ብለው ወሰዱት። አሥራ ሁለት ቀኑ። አከራያችን ከሰማ ያስወጣናል ብላ እማዬ ‹ቻይና ነው በሉ› አለችን። ዛሬ ለምሳ ይለቀቃል አሉን። ትናንትም እንደዛው ነበር ያሉን።»

በጂቱም ቤት ለማንም አይነገርም የተባለ ነገር ነበር።

«ኩምሳም እዚያ ነው» አለች።

«ወንድምሽ? ‹መናገሻ አክስቴ ጋ ነው› አላልሽኝም?»

«ብዬሻለሁ።»

ተያዩ። ኡሙልኸይር ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ሳቅ አመለጣት፤ ጂቱም ሳቀች።

«እናንተ ታዩታላችሁ?» አለች ኡሙልኸይር።

«ማየት የለም። እናቴ በየቀኑ ምሳ ታደርስለታለች። ሳህኑ ባዶ ሆኖ ከተመለሰ ደህና ነው ማለት ነው። የእናንተስ?»

«እማዬ ፈርታ አንድ ቀንም አልሄደችም።»

«ከእናቴ ጋር ትሂድ። በሩ ላይ ያሉትን ፖሊሶች ለምዳቸዋለች።»

«ሰው ቢያየንስ?»

ጂቱ ትንሽ አሰበች። ሰው ካየ የእነሱም ጉድ ይወጣል፤ አባቷም ይቆጧታል።

«ይየን» አለችና የቤቷን መታጠፊያ አልፋ፣ የኡሙልኸይርን እናት ልትጠራ ከጓደኛዋ ጋር ወደ ኪራይ ቤታቸው ወረደች።