የማክሰኞው ውኃና የቢሮው ፓስወርድ

ወለቴ አምስት በጋ ሙሉ አንድ ነገር ስትናገር ኖራለች፤ ውኃዬ ይሰረቃል። ሰው መጀመሪያ አዘነላት፣ ቀጥሎ ሰለቻት፣ በመጨረሻም ሳቀባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጫኖ በምትባለው ቀበሌ ያሉት የሙዝ ማሳዎች የሚጠጡት በተራ ነው። ዓርብ ዓርብ የመስኖ ኮሚቴው ተሰብስቦ የሚቀጥለውን ሳምንት ተራ ሲያነብ፣ ወለቴ ከፊት ቁጭ ብላ በገዛ ጆሮዋ ትሰማለች፤ «ወለቴ፣ ማክሰኞ ጠዋት»። ሰኞ በሙዝ አምራቾቹ ማኅበር ቅርንጫፍ ቢሮ በር ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ «ወለቴ፣ ቅዳሜ ከሰዓት» ይላል። ቅዳሜ ከሰዓት ማለት ላይኞቹ ጠጥተው ጠግበው፣ በቦዩ ውስጥ እንቁራሪት የማያዋኝ ውኃ ሲቀር ማለት ነው። ወለቴ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል ቆጥራለች እንጂ ከዚያ አላለፈችም። ስሟንና የቀኖቹን ስም ግን ታነባለች፤ ለዚህ ነገር ያ ይበቃል።

የቦዩን በር የሚከፍቱትና የሚዘጉት ጋሽ ኤርጫፎ ናቸው። ሄዳ ስትጮኽባቸው እሳቸው እኮ የሚከፍቱት ወረቀቱ ያለውን እንደሆነ ይነግሯታል። ስርቆት ግን የለም ይላሉ። የሌላውን ተራ ውኃ በእጅ መመለስ ጎሜ ነው፣ አባቶች የከለከሉት ነው፤ የደፈረውን ሰው ጥፋቱ ተከትሎት ከብቱን ወይም ልጁን ያገኘዋል፤ ይህን እያወቀ የሚደፍር በጫኖ አልተወለደም። እውነታቸውን ነበር። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ሰው በሌላው ተራ ቦይ ሲሰብር ተይዞ አያውቅም።

ወለቴ ወደ ከተማም ትወጣለች። ተራው የሚጻፈው ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ባለው የማኅበሩ ዋና ቢሮ ነው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ወንበር ስበው ያስቀምጧታል፣ ሻይ ያስመጡላታል፣ ከዚያ በየዓመቱ ያንኑ ይሏታል። «ወይዘሮ ወለቴ፣ ኮምፒውተር አይዋሽም።»

በሁለት ሺህ ሰባት ዓ.ም. በጋው ጠና። የወለቴ ሙዝ ዘለላ አውጥቶ ነበር። ዘለላ የያዘ ሙዝ ውኃ ካጣ ፍሬው ጣት ሳያክል ይቀራል፤ የዓመቱ ልፋት ለከብት ይሆናል። በዚያ ሳምንት ሰኞም ወረቀቱ ቅዳሜ አለ። ወለቴ ቅጠሉ እንደ አሮጌ ጃንጥላ የታጠፈውን ማሳዋን አየችና ባጃጅ ይዛ ወደ ከተማ ሄደች።

በዚያ ዓመት ቢሮው ውስጥ አንዲት አዲስ ልጅ ተቀጥራ ነበር፤ ትሁት ትባላለች፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ በኮምፒውተር ሥራ የገባች። የወለቴን አቤቱታ ከጎን ሆና ሰማች። ስትወጣ ተከትላት ኮሪደር ላይ አቆመቻትና ዓርብ የተነበበው ምን እንደነበር፣ ሰኞ የተለጠፈው ምን እንደሚል አንድ በአንድ ጠየቀቻት። በአምስት ዓመት ውስጥ ጥያቄ የጠየቃት ሰው ይህች ልጅ ብቻ ነበረች።

ትሁት እንዲህ አስረዳቻት። ዓርብ የጸደቀው ተራ ኮምፒውተር ላይ ተጽፎ ሰርቨር በሚሉት ማስቀመጫ ውስጥ ይገባል፤ ሰኞ የጫኖ ቅርንጫፍ ከዚያ አውጥቶ ያትመዋል። ዓርብና ሰኞ መካከል ወረቀቱ በዚያ ማስቀመጫ ተኝቶ ይሰነብታል። ማስቀመጫው በር አለው፣ የበሩም ቁልፍ ፓስወርድ ነው። ቁልፉ ደካማ ከሆነ ማንም ገብቶ ጽፎበት ይወጣል። የቢሮውን ኮምፒውተሮች የሚያገናኘውን መስመር ዞሮ በሮቹን ሁሉ የሚቆጥር፣ በየበሩም ላይ ሰው የሚያዘወትራቸውን ፓስወርዶች እየሞከረ የትኛው በቀላሉ እንደሚከፈት የሚናገር ስካነር የሚባል ፕሮግራም አለ።

«እንግዲያው አሁኑኑ ሞክሪው ልጄ» አለች ወለቴ።

«ያለ ፈቃድ የሰው በር የሚሞክር ሰው ምን ይባላል እትዬ?»

«ሌባ።»

«እኔም ያለ ፈቃድ ደብዳቤ ብሞክር ያው ነኝ። ሥራ አስኪያጁ ይፈርሙ እንጂ ሥራው የአንድ ጠዋት ነው።»

ወለቴ ከዚያ ወዲያ የፈለገችው ያቺን አንዲት ፊርማ ነው። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ግን እምቢ አሉ። ሠራተኛዬን እንደ ሌባ አላስፈትሽም አሉ። ደግሞስ ፓስወርዱ ምን ምስጢር አለውና? የሁላችንም ነው። አንዱ ለቅሶ ሲሄድ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል፤ በእኛ አገር ለቅሶ ደግሞ በአንድ ቀን አያልቅም። ከባልደረባው ፓስወርድ የሚደብቅ ሰው ልቡ ውስጥ ጥርጣሬ አለ ማለት ነው፤ እዚህ ቤት የምንኖረው ተማምነን ነው።

እሷም ደጃፋቸው ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጠች። ማክሰኞ ተቀመጠች፣ ረቡዕም ምሳዋን በፌስታል ይዛ መጥታ ተቀመጠች። ተራውን ኮምፒውተር ላይ የምትጽፈው እጅጋየሁ ስታልፍ ስታገድም ትቀልድባታለች።

«እትዬ ወለቴ፣ አግዳሚውን በስምዎ እናስመዝግብልዎት ይሆን?»

«ተመዝግቤማ ነበር። ሰኞ ስመጣ ወደ ቅዳሜ አዛውራችሁኝ አገኘኋችሁ።»

ኮሪደሩ ሳቀ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ግን ከውስጥ ሆነው ሰሙ፣ አልሳቁም። ሐሙስ ጠዋት ወለቴ በራቸውን አንኳኩታ ገባችና ሳትቀመጥ ተናገረች። ይፈርሙ፤ ምንም ካልተገኘ እኔም ከዛሬ ጀምሮ ስለ ውኃ ትንፍሽ እንደማልል በጣቴ እፈርማለሁ። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲሰሙ አምስት ዓመት የተሸከሙት ነገር ሊወርድላቸው መሰላቸውና ብዕራቸውን አነሡ።

ትሁት ሥራውን የጀመረችው ደብዳቤው ፊቷ ተዘርግቶ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ እጅጋየሁና ወለቴ ከኋላዋ ቆመው ነው። ስካነሩ የቢሮውን መስመር ዞረ፤ ሰባት በር ቆጠረ። ስድስቱ ላይ ሞክሮ ሞክሮ አለፈ። ሰባተኛው ተራው የሚያድርበት ሰርቨር ነበር። አንድ ሙዝ ተልጦ በማይበላበት ጊዜ ውስጥ፣ በአራተኛው ሙከራ ተከፈተ። ፓስወርዱ ጫኖ ከሚለው ስም ቀጥሎ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ነበር።

እጅጋየሁ ቀስ ብላ ለቅሶ ስትሄድ ለአንድ ባልደረባዋ ነግራው እንደነበር፣ እሱም ለጫኖ ቅርንጫፍ በስልክ እንደነገረ፣ ዛሬ ዛሬ የሙዝ ደላሎች ሳይቀሩ እንደሚያውቁት መናገር ጀመረችና አቋረጠች።

ትሁት ቀጠለች። ሰርቨሩ ማን መቼ እንደገባ ይመዘግባል። ከመስከረም ወዲህ ተራው ዓርብ ከገባ በኋላ፣ ሰኞ ሳይታተም፣ አርባ ሦስት ጊዜ ተነካክቷል። ወለቴ አምስት ዓመት የጠበቀችው ስም ሊነገር ነው።

«ማነው?» አለች።

«ሁሉም የገቡት በአንድ ስም ነው፤ ‹ቢሮ› ይላል። በአንድ ቁልፍ ሁሉም ከገባ ሌባው ስም የለውም እትዬ።»

ወለቴ ስክሪኑን አየች። የምትጮኽበት ሰው አጣች። እንግዲህ እናንተ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ የደካማና የጋራ ፓስወርድ ጉዳቱ ሌባ ማስገባቱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ንጹሑንና አጥፊውን አንድ መልክ ያለብሳል፤ ያልነካውን ሰው ሳይቀር ያስጠረጥራል።

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ግንባራቸውን አሹ። ካፈሩበት ለመውጣት ይመስላል፣ ዝቅ ባለ ድምፅ የዚህ ሳምንት ተራ እዚያው ስክሪን ላይ ስላለ ወለቴን ነገ ዓርብ ጠዋት ላይ እናድርጋት፣ ጫኖም አዲስ ወረቀት ይለጠፍና ይህ ነገር እዚሁ ይለቅ አሉ። አንድ መስመር ነው፤ ማን ያያል? ሙዟም ይተርፋል።

ወለቴ ማሳዋ መጣባት። ነገ ጠዋት ከጠጣ ዘለላው ይሞላል፤ ቅዳሜ ከሆነ ግን ምናልባት ግማሹ ይተርፍ ይሆናል፣ ምናልባትም አይተርፍ። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለችና ዓርብ ጠዋት ላይ ያለውን ስም ፊደል በፊደል አነበበች። በለጥሽ ይላል። በለጥሽን ታውቃታለች፤ ባሏ የሞተባት፣ ከታች በኩል ጠባብ ማሳ ያላት።

«አይሆንም» አለች። «በእኔም ላይ ያደረጉት እንዲሁ ነው። አንድ ሰው እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንድ መስመር ናት ብሎ ነው። እኔ ቅዳሜ እጠጣለሁ። እናንተ ግን እሑድ ጫኖ መጥታችሁ ይህን ያያችሁትን ለሕዝቡ ንገሩ።»

ቅዳሜ ከሰዓት ውኃው እንደ ልማዱ ሰልሎ መጣ። ወለቴ በባልዲ ጭምር ተሸክማ ያዳረሰችውን አዳረሰች፤ ሲሶው ዘለላ ግን ቀረ።

እሑድ ማኅበርተኛው ከቦዩ ራስ ካለው ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። ትሁት የሆነውን ተናገረች። አንዳንድ ሽማግሌዎች አዲስ ቁልፍ ምን ያደርጋል አሉ፤ ጎሜ አለ፣ የነካው ይፈራ፣ ይበቃል። እርስ በርስ የምንቆላለፍ ከሆነማ ዝምድናችን ምን ሆነ? ብዙ ራስ ተነቀነቀ።

ያኔ ጋሽ ኤርጫፎ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። ሲናገሩ ወደ ወለቴ እንጂ ወደ ጉባኤው አላዩም።

«አምና ወንድሜ ታሞ ተኝቶ ማሳው ሲደርቅበት ለቢሮው ደውዬ ተራውን ወደ ፊት አምጡልኝ ብያለሁ። አመጡልኝ። የማን ተራ እንደተገፋ አልጠየቅሁም። ሠላሳ ዓመት የሰው ውኃ በእጄ አልመለስኩም፣ አሁንም ጽሑፍ ነው እንጂ ውኃ አልነካሁም ብዬ በሰላም አደርኩ። ጎሜ የምንፈራው የምናየውን ነው። ያቺ ማሽን ውስጥ ያለው ደግሞ አይታይም። የማይታየው በር ቁልፍ ይፈልጋል። ወለቴ፣ የተገፋው ተራ ያንቺ ነበር ይሆናል፤ ይቅር በይኝ።»

ከዚያ አንድ ሌላ ሰው እጁን አወጣ፣ ቀጥሎም አንዲት ሴት፤ እኛም አንዴ አስደውለናል አሉ። ወለቴ አምስት ዓመት ስም ስትፈልግ ኖራ አሁን ስም በስም ላይ ሲመጣላት አንዱንም አልሰደበችም። ካሳ ክፈሉኝም አላለችም። ተነሥታ የፈለገችውን ተናገረች። ሰርቨሩን የሚነካ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ስምና የራሱ ፓስወርድ ይኑረው። ፓስወርዱ ረጅም ይሁን፤ የአገር ስም፣ የልጅ ስም፣ አንድ ሁለት ሦስት አይሁን። ለቅሶ የሚሄድ ይሂድ፣ እግዜር ያጽናው፣ ፓስወርዱን ግን ይዞ ይሂድ፤ የሚተካው ሰው በራሱ ስም ይገባል። ልጅቷም በየሦስት ወሩ በፈቃድና በደብዳቤ በሮቹን ትሞክር። «መተማመን ማለት ቁልፍ መስጠት አይደለም» አለች፤ «እኔ ተማምኜ ነው አምስት ዓመት የደረቅሁት።»

ጉባኤው እጅ አወጣ። ዓርብ የጸደቀውን ሰኞ ከሚታተመው ጋር እያመሳከረ፣ ልክ ሲሆን በራሱ ስም ገብቶ የሚያረጋግጥ አንድ ሰው ይመረጥ ሲባልም ሁሉም ወደ ወለቴ ዞረ። ማንበቤ ትንሽ ነው አለች። ስምና ቀን ታነቢ የለ፣ አሏት።

በማግስቱ ሲቀላ ቢሮ ገብታ ከትሁት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ትሁት ፓስወርዷን እንድትጽፍ ነገረቻትና ራሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ወለቴ የምትጽፈውን መንገድ ላይ ስታስበው መጥታለች፤ ከአራት ቃል የማያንስ፣ ለባሏም ያልነገረችው። ጣቷን አነሣችና ቆም አለች። እጅጋየሁ ጎኗ ነበረች፤ ዙሪ አለቻት፣ ዞረች። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ከበሩ ላይ ቆመው ያያሉ።

«እኔም ልዙር?» አሉ። «ቢሮው እኮ የእኔ ነው።»

«ቢሮው የእርስዎ ነው። ይቺ ቁልፍ ግን የእኔ ናት።»

ሥራ አስኪያጁ ዞረው ግድግዳውን አዩ። ወለቴ በአንድ ጣት፣ ፊደሉን እየፈለገች፣ ሳትቸኩል መጻፍ ጀመረች። እስክትጨርስ ድረስ ማንም ፊቱን አልመለሰም።