ስንጥቁን ማን አየ?

የአጋሮው ቡና ነጋዴ ሐጂ ቲጃኒ አልጋቸው ላይ በጀርባቸው ተጋድመዋል። ትውከታቸው ጢማቸው ላይ ደርቆ ዝንብ ወርሮታል። ከጅማ የተጠራችው ኢንስፔክተር መንበረ የአንገት ልብሷን አፍንጫዋ ላይ ጫን አድርጋ ጎንበስ አለች። ራስጌው ጠረጴዛ ላይ ባዶ የሞርፊን ሽሮፕ ጠርሙስ ቆሟል። ቀኝ ክንዳቸው መታጠፊያ ላይ ደግሞ አንዲት የመርፌ ቀዳዳ አለች፤ ዙሪያዋ በልዟል።

በሩ ላይ የቆመው ታናሽ ወንድማቸው ሳዲቅ ትዕግሥቱ አልቋል።

«ማሎ፣ እባክዎ ኢንስፔክተር! ጀናዛ አይቆይም። ካንሰሩ አጥንታቸው ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ሲብስባቸው መድኃኒቱን ጨለጡት። ሌላ ምን አለ?»

«ያደረጉት ጫማ የማን ነው?» አለችው።

ሳዲቅ ወደ እግሩ አየ። «የወንድሜ ነው። ከእንግዲህ ምን ያደርግላቸዋል?»

 መንበረ ዘወር ብላ ኮሪደሩ ላይ ወዳለው የእጅ መታጠቢያ ሄደች። ጉድጓዱን ጥቃቅን ጉንዳን ሸፍኖታል። የሚያጣብቀውን በጣቷ ነክታ አሸተተች፤ ሽሮፕ ነው።

ባለቤታቸው ፈድሊያ ጓዳ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ከተጋቡ ገና ሁለት ዓመታቸው ነው።

«መርፌ የሚወጋቸው ሰው ነበር?»

«የለም፤ ከአዲስ አበባ ከተመለሱ ወዲህም ሽሮፑን በማንኪያ የምሰጣቸው እኔ ነኝ። ትናንት ግን ሰቃ ከተማ እናቴ ዘንድ ሄጄ ነበር፤ ሳዲቅም መጋዘን ነው የዋለው። ብቻቸውን ነበሩ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።»

«አዲስ አበባስ ለምን ሄደው ነበር?»

«ኤም አር አይ ሊነሱ። ውጤቱን ሲጠብቁ ነበር። ስልካቸውንም ብፈልግ አጣሁት።»

መንበረ አስከሬኑን ለምርመራ አስልካ፣ ቀዶ ሕክምና ወዳደረገላቸው ዶክተር ገላና ሄደች። ክሊኒኩ ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ነው። ዶክተሩ ምሳውን በልቶ ጥርሱን በስቴኪኒ ይጎረጉራል።

«የፕሮስቴት ካንሰር ነበረባቸው» አለ። «ኤክስሬዩ አጥንታቸው ላይ ምንም አላሳየም። የአጥንት ስካን ሲነሱ ግን ዳሌያቸው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ታየ። ተሠራጭቷል ማለት ነው። ስለዚህ ቆለጣቸውን አወጣሁ፤ ካንሰሩን የሚያፋፋው ሆርሞን የሚመነጨው ከዚያ ነው።»

«ኤም አር አዩንስ አይተውታል?»

«አላየሁም። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ እሳቸውንም አላገኘኋቸው።» ከጥርሱ ያወጣውን እየተመለከተ ቀጠለ። «ያሳዝናሉ። ዳሌ ላይ እንዲያ ያለ ስንጥቅ ይዞ መቀመጥ ቀላል አይደለም።»

 መንበረ መኪናዋ ውስጥ ገብታ፣ አዲስ አበባ የሐጂን ኤም አር አይ ላነበበችው የምስል ሐኪም ለሔራን ደወለች። የሰማችውን ይዛ፣ ምሳም ሳትበላ ወደ አጋሮ ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ ሳዲቅ፣ ፈድሊያና ከጅማ ያስጠራችው ዶክተር ገላና የሐጂ ሳሎን ውስጥ ተሰበሰቡ።

«ሐጂ ሽሮፑን አልጠጡትም» ብላ ጀመረች። «መታጠቢያው ላይ ተደፍቷል። የአስከሬኑ ምርመራ እንዳመለከተው የሞቱት በመርፌ በገባ ሞርፊን ነው። ሐጂ ቀኝ እጃቸውን የሚጠቀሙ ሰው ነበሩ፤ ራሳቸውን ቢወጉ ቀኝ ክንዳቸውን አይወጉም፤ ሲሪንጁም ክፍሉ ውስጥ የለም። ገዳዩ ጠርሙሱን ባዶ ያደረገው፣ ራሳቸውን ያጠፉ ለማስመሰል ነው።»

«ማን ነው?» አለ ሳዲቅ።

«የአጥንት ስካን አጥንት ራሱን የሚጠግንበትን ቦታ ሁሉ ያጠቁራል፤ ካንሰር ይሁን ስብራት ብዙ ጊዜ አይለይም። ቀጭን ስንጥቅ ደግሞ ከኤክስሬይ ያመልጣል። ለይቶ ያሳየው ኤም አር አዩ ነው። ሐጂ ለምስል ሐኪሟ ለሔራን እንደነገሯት ከጭነት መኪና ወድቀው ነበር፤ አፍረው ለቤተሰብ አልተናገሩም። አጥንታቸው ውስጥ ካንሰር አልነበረም፤ ስንጥቅ እንጂ። ሔራን ይህንን ትናንት ጠዋት ነግራቸው ምስሉን በስልካቸው ላከችላቸው። ከእሳቸው በቀር ለማንም አልላከችም።»

ወደ ገላና ዞረች። አንቱታዋ ቀርቷል።

«ኤክስሬዩ ምንም የለውም፤ ስካኑ ነጠብጣብ ብቻ ነው። ስንጥቁን የት አየኸው?»

የገላና ግንባር በላብ ራሰ። 

«ደውለው ጠሩኝ» አለ በመጨረሻ። «ስልካቸውን ከፍተው አሳዩኝ። በየመስጊዱ በር እናገራለሁ አሉ። ስሜ ሊጠፋ ነው! ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ከዚያ... ሕመሙን የሚያስታግስ ልውጋዎት አልኳቸው።»

«እሺ አሉህ?»

«ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። አመኑኝ።» ድምፁ ቀጠነ። «ስልኩ መኪናዬ ውስጥ ነው። ሽማግሌ እኮ ናቸው፤ ዛሬም ባይሆን ነገ...»

«ሊድኑ ይችሉ ነበር» አለች መንበረ። «ካንሰሩ ከፕሮስቴታቸው አልወጣም።»

ፈድሊያ ቀስ ብላ ተነስታ ፊቱ ቆመች።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ልጅ ስንለምን ነበር» አለች። «ወድቀው ያውቃሉ ወይ ብለህ አንድ ጊዜ ብትጠይቃቸው ምን ነበረበት?»

 ፈድሊያ ፊቱ ላይ ተፋችበት፤ የከለከላት የለም።

ፖሊሶቹ ሲወስዱት መንበረ ጀናዛው ለቤተሰቡ እንዲሰጥ ፈቀደች። ከዚያ በጓሮ በር ወጥታ፣ ከአጥሩ ሥር ጎንበስ ብላ ባዶ ሆዷን አስመለሰች።