ናሙናው ሽጉጥ

ሟቹ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ፣ ሽጉጡን እንደ ጨበጠ ተገኘ። የጦር መሣሪያ ወደ ውጭ ለመላክ ፈቃድ በሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ መሣሪያው ገዢው አገር ሲደርስ ማን ላይ እንደሚተኮስ የሚመረምረው እሱ ነበር። ሰልፈኛ ለሚረሽን መንግሥት የተጠየቀውን ጠመንጃ ደጋግሞ «አይላክም» ብሏል።

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ሽጉጡን አየች። ጎኑን ሳትነካ አስተዋለች።

«ራሱን ነው ያጠፋው፤ ነፍሱን ይማር» አለ ዋና ኃላፊው። «ሽጉጡ ከጠመንጃው ፋብሪካ ለናሙና መጥቶ እኔ ቢሮ መደርደሪያ ላይ የነበረው ነው።»

«ሳይቆለፍበት?»

«ሳይቆለፍበት። አሁን ጠመንጃውን የሚጭነው መርከብ እየጠበቀ ነው። በደንባችን መሠረት የሟቹ የመፈረም ሥልጣን ለምክትሉ ይተላለፋል።»

«ሬሳው ሳይነሣ?»

«የመንግሥት ሥራ አይቆምም፣ እህቴ።»

የሟቹ ምክትል የሆነችው ሴት ዓይኗ አብጦ ጥግ ቆማለች። መርማሪዋ ጠጋ አለቻት። «ትናንት ከሥራ በኋላ ማን ነበር?»

«ኃላፊው፣ የፋብሪካው ወኪልና እኔ። ሁለቱ ጋሼን እንዲፈርሙ ሊያባብሏቸው ነበር። እኔም ‹ጋሼ፣ ይቅርብዎ፣ የልጆች አባት ነዎት› አልኳቸው። ‹እዚያ ያሉትስ ልጆች አይደሉም?› አሉኝ።»

ወኪሉ በሩ ላይ ቆሞ ሣቀ። «እኛ ባንሸጥ ሌላው ይሸጣል፣ እመቤቴ!»

መርማሪዋ ሦስቱንም አስቀመጠች። ከራሷ ሽጉጥ ጥይቱን አወጣች፤ ምላጩን የሚቆልፈውን ሴፍቲ ከፈተችና «ተቀባበሉልኝ» አለች።

ኃላፊው እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቱ አንጠለጠለው። አገር የሚያስለቅስ መሣሪያ በብዕሩ ሲለቅ የኖረ ሰው፣ በየት በኩል እንደሚጨበጥ አያውቅም! ምክትሏ እንደ ተቀበለችው አሳለፈችው። ወኪሉ ግን አገላብጦ አየና እጀታውን ወደ መርማሪዋ አዙሮ አስቀመጠው።

«አውራ ጣትህ ምን እንዳደረገች አየህ?»

«ምን አደረገች?»

«ሴፍቲውን ዘጋች። ሟቹ እጅ ላይ ያለውም ተዘግቶ ነው የተገኘው። የራሱን ጭንቅላት በጥይት የመታ ሰው ምላጩን ቆልፎ አይሞትም፤ ሌላ ሰው ዘግቶ ነው ያስጨበጠው። እነዚህ ሁለቱ ሴፍቲው የት እንዳለም አያውቁም። አንተ ግን ለገዢ ስታሳይ ትውላለህ፤ ከእጅህ በወጣ ቁጥር ጣትህ ሳታማክርህ ትዘጋዋለች።»

«በዚህ ልታስሪኝ ነው?»

«በዚህ እጀምራለሁ። እጅጌህ ላይ ያለው ባሩድ ይጨርሰዋል።»

ወኪሉ ቱግ ብሎ ወደ ኃላፊው ዞረ። «እሱ ከሌለ እሷ ትፈርማለች አላልከኝም?»

ምክትሏ የጠመንጃውን የፈቃድ ማመልከቻ ሳበች።

«ልጄ፣ አስቢበት» አለ ኃላፊው ላቡን እየጠረገ። «ዋጋ ያስከፍልሻል።»

«ዋጋውማ ያው፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል» አለችና፣ «አይላክም» ከሚለው ሥር ፈረመች።